ሳይቋጩ ድር ማድራት
በላሊበላና በላስታ ደጋ የሸማ ሥራ ውስጥ ታስሮ ስለሚቀረው ገንዘብ

ማናቸውም ነጋዴ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ሸቀጥ ቈጥሮ ያውቀዋል። በሌላ ሰው ቤት ተጀምሮ ሳያልቅ የተቀመጠውን ሸቀጥ የሚቈጥረው ግን ጥቂቱ ነው። ክሩ ተገዝቷል፤ ቀብዱ ተከፍሏል፤ ድሩም ተዘርግቷል፤ ነገር ግን ሊለበስ ወይም ሊሸጥ የሚችል ልብስ ገና የለም። እንዲህ ያለው ንብረት በመዝገብ ላይ ሀብት ይባል እንጂ በገበያ ዘንድ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከተባለው የሚለይ አይደለም።

ይህን ጉዳይ ለአባሎቻችን ለማስረዳት የመረጥነው ምሳሌ በላሊበላና በላስታ ደጋ የሚካሄደው የሸማ፣ የጋቢና የጥልፍ ሥራ ነው። ይህንም ያደረግነው ሥራው በብዙ እጅ የሚያልፍ፣ በየደረጃው ሊቆም የሚችልና ገበያውም በዓመት ውስጥ በጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚደምቅ ስለ ሆነ ነው። በዚህ ሥራ ላይ የሚታየው ነገር በሌላውም የእጅ ሥራ ንግድ ሁሉ ይገኛልና አንባቢው ከራሱ ሱቅ ጋር እያስተያየ እንዲያነበው እናሳስባለን።

አገሩና ዕቃው

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ከተማ ናት። በአጠገቧ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ይደርሳል። በእንዲህ ያለ አገር ልብስ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የሌሊቱን ብርድ መከላከያ ነው። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ የላስታ ሰው ከጥጥ ነጠላ፣ ኩታና ጋቢ፣ ከበግ ጠጕርም ባና እያሠራ ሲለብስ ኖሯል።

ከእነዚህ ሁሉ ለርእሳችን የሚቀርበው ጋቢ ነው። ነጠላ ስስ ነው፤ ኩታ ደግሞ ከእርሱ ወፈር ያለ ነው፤ ጋቢ ግን አራት ልባስ ሆኖ ተደርቦ የሚሰፋ ወፍራም ልብስ ነው። ሙቀቱም የሚገኘው በልባሶቹ መካከል ከሚቀረው አየር ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ሴቶች ከቁርጥራጭ ጨርቅ ገጥመው፣ በመካከሉ ጥጥ ወይም ሱፍ ከትተው፣ ከሥሩም ሌላ ጨርቅ ደርበው የሚሰፉት «ኩዊልት» የሚባለው ብርድ ልብስ በዚሁ ጥበብ የሚሠራ ነው። ሁለቱም ሥራዎች ተመሳሳይ ችግር አለባቸው፤ ይኸውም ለመጀመር ደስ የሚያሰኙ፣ ለመጨረስ ግን ትዕግሥት የሚጠይቁ መሆናቸው ነው።

የገበያው ሁኔታ የታወቀ ነው። የቅዳሜ ገበያ የአገሬው ሰው የሚገበያይበት ነው። ትልቁ የሽያጭ ጊዜ ግን ከመስከረም እስከ ጥር ያለው ወራት ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ የገና በዓልና ጥር 11 ቀን የሚውለው ጥምቀት ዋናዎቹ ናቸው። በገና ጊዜ ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ነጭ ለብሶ በአሥራ አንዱ የአለት አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ይሰበሰባል። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህም የውጭ አገር ጐብኚ ከቦታው መታሰቢያ የሚሆን ዕቃ ይፈልጋል። የላሊበላ መስቀል የተጠለፈበት ነጠላ፣ የአንገት ልብስና የጠረጴዛ ጨርቅ የሚሸጠው በእነዚሁ ወራት ነው። በታኅሣሥ ያልደረሰ ጋቢ ግን በሰኔ ዝናብ ገዢ ይመጣልኛል ብሎ መጠበቅ አይችልም።

ሥራው የሚቆምባቸው አራት ቦታዎች

ጥጥ በላስታ ደጋ አይበቅልም፤ ከቆላ አገር ይመጣል። ከመጣም በኋላ ይዳመጥና ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ሆኖ ለፈታይ ይሰጣል። ፈታይዋ በእንዝርት ፈትላ ልቃቂት ታደርገዋለች። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ሸማኔዎች ለድሩ የፋብሪካ ክር፣ ለማጉ የእጅ ፈትል ይጠቀማሉ። ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ አግብቶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እያመላለሰ ይሸምናል። ከዚያም የተሸመነው ጨርቅ ይቈረጣል፤ ይገጠማል፤ ተደርቦ ይሰፋል፤ ጥለት ወይም ጥልፍ ያለው ከሆነ ይጠለፋል፤ በመጨረሻም ዘርፉ ይቋጫል።

እንግዲህ ሥራው በአራት ቦታዎች ሊቆም ይችላል። አንደኛው፣ ፈትሉ ተጀምሮ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ማግ ሳይሞላ ሲቀር ነው። ልቃቂቱ በሰፌድ ተቀምጦ ይከርማል። ሁለተኛው፣ ድሩ ተዘርግቶ ጥቂት ከተሸመነ በኋላ ሌላ አስቸኳይ ትእዛዝ ሲመጣ የፊተኛው ተጠቅልሎ ሲነሣ ነው። የሸማኔው ጉድጓድ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜም የሚቀበለው አንድ ድር ነው። የተነሣውን ድር እንደ ገና መልሶ ለመዘርጋት የሚጠፋው ቀን ደግሞ ከማንም ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ሦስተኛው፣ ጨርቁ ተሸምኖ ተቈርጦ ሳለ ሳይገጠምና ሳይሰፋ ሲቀር ነው። አራተኛው፣ ሁሉም አልቆ ጥልፉ በግማሽ ወይም ዘርፉ ሳይቋጭ ሲቀር ነው።

ከአራቱ ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነው የመጨረሻው ነው። የሚቀረው ሥራ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ነው፤ የታሰረው ገንዘብ ግን የሙሉው ልብስ ነው። ቋንቋችን ይህን አስቀድሞ አውቆታል። «ቋጨ» የሚለው ቃል በሸማ ሥራ የዘርፉን ክር አጠንክሮ እንዳይተረተር ማሰር ነው፤ በነገር ደግሞ ጉዳይን ከፍጻሜ ማድረስ ነው። ዘርፉ ያልተቋጨ ነጠላ ከዳር ጀምሮ እንደሚተረተር፣ ያልተቋጨ ሥራም ከዳር ጀምሮ ገንዘብን ይተረትራል።

አዲሱ ለምን ይጀመራል?

ብዙ ባለሱቆች «ሸማኔው ሰነፍ ስለ ሆነ ነው» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። በሥራ የተጠመደ ሰው ሰነፍ አይባልም፤ ብዙ የጀመረ ሰውም ከማንም ይበልጥ ሲደክም ይታያል። እውነተኛው ምክንያት በክፍያው ልማድ ውስጥ ነው።

የገጠር ሸማኔ በባንክ ዘንድ ለዋስትና የሚያቀርበው ቤት ወይም ሰነድ ብዙ ጊዜ የለውም። ክር ለመግዛትና ለቤቱ እህል ለመሸመት የሚያገኘው ብድር ከገዢ የሚቀበለው ቀብድ ነው። ቀብድ ደግሞ የሚከፈለው ሥራ ሲጀመር እንጂ ሲጨረስ አይደለም። አንድ ሸማኔ የመጀመሪያውን ደንበኛ ቀብድ ተቀብሎ ክር ገዛ እንበል። የገዛው ክር ሳያልቅ የቤቱ ወጪ ይመጣል። የሚቀረውን ክፍያ ለማግኘት ሁለት ሳምንት መሥራት አለበት፤ አዲስ ደንበኛ ግን ዛሬውኑ ቀብድ ይዞ በር ላይ ቆሟል። ሸማኔው የሁለተኛውን ቀብድ ይቀበላል፤ በከፊሉ የፊተኛውን ዕዳ ይሸፍናል፤ በቀረውም ለአዲሱ ሥራ ግማሽ ክር ይገዛል። ሦስተኛው ሲመጣ ደግሞ ሁለተኛውን በሦስተኛው ይከድናል። ከጥቂት ወራት በኋላ በቤቱ ስድስት የተጀመሩ ልብሶች ይኖራሉ፤ አንዱንም ለመጨረስ የሚበቃ ክር ግን አይኖርም።

ስለዚህ ቀብድ የሚሰጥ ነጋዴ ለመጀመር ዋጋ ከፍሎ ለመጨረስ ሳይከፍል እንደ ቀረ ሊገነዘብ ይገባል። ሸማኔው የሚከፈልበትን ሥራ ሠራ፤ ይኸውም መጀመርን ነው። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» እንደሚባለው ጥፋቱን በአንዱ ላይ ብቻ መጣል አይገባም።

ሌላው ምክንያት የሰው ጠባይ ነው። አዲስ ጥለት፣ አዲስ ቀለም፣ አዲስ የመስቀል ቅርጽ ዓይንን ይስባል፤ መግጠም፣ መስፋትና መቋጨት ግን አሰልቺ ነው። ይህም በላስታ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በአሜሪካ ኩዊልት የሚሰፉ ሴቶች ያልተጨረሱ ሥራዎቻቸውን በሣጥን እያጠራቀሙ ሲቸገሩ ይታያሉ። ከእነርሱ ብልህ የሆኑት የተጀመረውን ሁሉ በዝርዝር ጽፈው፣ ከዝርዝሩ ጥቂቱን ሳይሰርዙ አዲስ ጨርቅ ላለመቍረጥ ለራሳቸው ደንብ ያወጣሉ። ልዩነቱ ለእነርሱ ሥራው በአብዛኛው የመዝናኛ ጊዜ ማሳለፊያ መሆኑ ነው፤ ለላስታ ሸማኔና ለፈታይዋ ግን የዓመት ቀለብ ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

ነገሩን በቍጥር እንየው። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 አንድ ቀላል ሕግ በሒሳብ አረጋገጠ። በእጅ ያለው የተጀመረ ሥራ ብዛት፣ በየሳምንቱ ተጨርሶ ለሚወጣው ብዛት ሲካፈል፣ አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማካይ የሚፈጀውን ጊዜ ይሰጣል። ሕጉ በፋብሪካም፣ በባንክ ሰልፍም፣ በሸማኔ ቤትም እኩል ይሠራል።

ለስሌት ብቻ እንዲሆነን አንድ ቤተሰብ ፈታይዋ፣ ሸማኔውና ሰፊዋ ተባብረው በሳምንት 2 ጋቢ መጨረስ ይችላሉ እንበል። በእጃቸው 4 የተጀመረ ጋቢ ካለ፣ ዛሬ የተጀመረው በ2 ሳምንት ይደርሳል። 12 ካለ በ6 ሳምንት ይደርሳል። የሠራተኛው ብዛትም፣ ድካሙም፣ የሚወጣውም ጋቢ ያው ነው፤ የተለወጠው ደንበኛው የሚጠብቅበት ጊዜና የታሰረው ገንዘብ ብቻ ነው። በአንዱ ጋቢ ውስጥ የ1,000 ብር ክር አለ ብንል፣ በፊተኛው ቤት የታሰረው 4,000 ብር ሲሆን በሁለተኛው ቤት 12,000 ብር ነው። 8,000 ብር ያለ ወለድ፣ ያለ ትርፍና ያለ ዋስትና በሰፌድና በቅርጫት ተኝቷል ማለት ነው።

ይህም መልካሙ ሁኔታ ነው። በእውነቱ ሥራ በበዛ ቍጥር የሚወጣው ደግሞ ይቀንሳል። ምክንያቱም ድር መጠቅለልና መዘርጋት፣ የየደንበኛውን ክር ለይቶ መፈለግ፣ የቀለሙን ቅደም ተከተል እንደ ገና ማስታወስ ጊዜ ይፈጃሉ። በሳምንት 2 ይወጣ የነበረው ወደ 1 ቢወርድ፣ 12ቱ ጋቢ በ12 ሳምንት ይደርሳሉ። ለገና የታዘዘው ዕቃ በጊዜው ሊደርስ ሲችል ሳይደርስ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ይኸው ነው።

ሳይጨረስ የቆየ ሥራ የሚያመጣው ጉዳት

የመጀመሪያው ጉዳት የዕቃው መበላሸት ነው። የበግ ጠጕር ፈትል በብል ይበላል። ነጭ የጥጥ ፈትል ጢስ ባለበት ቤት ሲከርም ይገረጣል፤ ከአዲሱ ፈትል ጋር ሲሸመንም በጋቢው ላይ መሥመር ሆኖ ይታያል። ቀለም የተነከረ የጥለት ክር ደግሞ የባሰ ነው፤ የአንድ ቀን ንክር ከሌላ ቀን ንክር ፈጽሞ አይመሳሰልም። ግማሽ ጥለት ተሠርቶ ክሩ ካለቀ በኋላ ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣው ቀይ፣ ስሙ ቀይ ይሁን እንጂ የፊተኛው ቀይ አይደለም። እንዲህ ያለውን ዕቃ የአገር ቤት ገዢ በቅናሽ ይወስደው ይሆናል፤ የውጭ አገር ገዢ ግን ይመልሰዋል።

ሁለተኛው የዋጋ ለውጥ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ ከ57 ብር ጥቂት አለፍ ብሎ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ አገር የሚመጣ ክር ወይም ቀለም በሥራው ውስጥ ያለበት ሰው፣ በድሮው ዋጋ ተዋውሎ ያልጨረሰው ሥራ ሁሉ ከትርፍ ወደ ኪሳራ ለመዞር ቀረበ። በዚያው ቀን ተጨርሶ የታጠፈ ጋቢ የነበረው ነጋዴ ግን ሸቀጡ ዋጋውን ጠብቆለታል፤ ለውጭ ገዢ የሚሸጥ ከሆነም በብር ሲታሰብ የሚያገኘው ጨምሮለታል። ያው ክርና ያው ድካም፣ በመጨረሱና ባለመጨረሱ ብቻ፣ ለአንዱ ጥቅም ለሌላው ጉዳት ይሆናል።

ሦስተኛው የገበያ በር መዘጋት ነው። ኢትዮጵያ አጎዋ በተባለው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ሸቀጧን ያለ ቀረጥ ስትልክ ከቆየች በኋላ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ከዚህ ዕድል ወጣች። ከዚያ ቀን በፊት ተጨርሶ የገባ ዕቃ በፊተኛው ሕግ ተስተናገደ፤ በቤት የቀረው ግን አዲስ ቀረጥ ጠበቀው። ላኪ የሆነ ሰው የገበያ በር በማን ፈቃድ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ሊወስን አይችልም፤ በሩ ክፍት ሳለ ዕቃውን ጨርሶ ማድረስ ግን በእጁ ነው።

አራተኛው የክፉ ቀን መምጣት ነው። ላሊበላ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የጐብኚው እግር ተቋረጠ። ከዚያም በጦርነቱ ምክንያት ከተማይቱ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. መጨረሻም በከተማይቱ እንደ ገና ውጊያ ተደረገ። እንዲህ ባለ ጊዜ የተጨረሰ ጋቢ በጀርባ ይታዘላል፣ በሌላ ከተማ ይሸጣል፣ በእህል ይለወጣል፣ ቢጠፋም ቢጠፋ ቤተሰቡን ከብርድ ያድናል። በጉድጓድ አፍ ላይ የተዘረጋ ድር ግን አይታዘልም፣ አይሸጥም፣ አያሞቅም። ይህን የምናነሣው የተጐዳውን ሰው ለመውቀስ አይደለም። ክፉ ቀን ሳያስጠነቅቅ የሚመጣ በመሆኑ፣ በደኅናው ቀን በእጅ ያለውን ያልተጨረሰ ሥራ ማሳነስ ራሱ አንድ ዓይነት ዋስትና መሆኑን ለማሳየት ነው።

ከሸማ የተነሣ ትምህርት

በዓለም ላይ «የተጀመረውን ሥራ ማሳነስ» የሚለውን ደንብ ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረው በጃፓን አገር ያለው የቶዮታ የመኪና ፋብሪካ ነው። ይህ ድርጅት ሥሩ ከሸማ መሆኑን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ሳኪቺ ቶዮዳ የተባለው የጃፓን ሰው የአናጢ ልጅ ሆኖ የሽመና መሣሪያ ሲያሻሽል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1924 ያወጣው አውቶማቲክ መሣሪያ ክር በተበጠሰ ጊዜ ራሱን የሚያቆም ነበር። ትርጕሙም ጥልቅ ነው፤ የተበላሸ ሥራ ከሚከመር ሥራው ቆሞ ጥፋቱ ይታረም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 የዚህ መሣሪያ መብት ፕላት ብራዘርስ ለተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ተሸጠ።

ልጁ ኪቺሮ የመኪና ሥራ ከጀመረ በኋላ ታይቺ ኦኖ የተባለው መሐንዲስ ያንኑ ሐሳብ አስፋፍቶ፣ የሚቀጥለው ሠራተኛ ሳይጠይቅ የፊተኛው ሠራተኛ አዲስ ዕቃ እንዳይጀምር የሚያደርግ የካርድ ሥርዓት አበጀ። ካርዱ ካልተመለሰ አዲስ ሥራ አይጀመርም። ይህና ይህን የመሰለው አሠራር በአገራችንም ካይዘን በሚል ስም የታወቀ ሲሆን፣ ለዚሁ ተግባር የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሞ ነበር። እንግዲህ ከሸማኔ ጉድጓድ ተነሥቶ ዓለምን የዞረው ደንብ ወደ ሸማኔ ጉድጓድ ቢመለስ እንግዳ ሊሆን አይገባውም።

በላሊበላም ይህን የሚያስታውስ ምስክር አጠገባችን አለ። ቤተ ጊዮርጊስን የመሰለ ሥራ ከላይ ከጣራው ተጀምሮ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው። በድንጋይ ላይ ድንጋይ እንደሚካብ ግንብ አይደለም፤ ጣራው ከተቀረጸ በኋላ ሐሳብ ለውጦ ሌላ ቦታ መጀመር የቀደመውን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ሠሪዎቹ ከጣራ እስከ ወለል በአንድ አሳብ መውረዳቸው ለእጅ ሥራ ሁሉ ምሳሌ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ቈጠራ ይደረግ። ባለሱቁ በየሦስት ወሩ በመደርደሪያው ያለውን ሲቈጥር፣ በየሸማኔው፣ በየፈታይዋና በየጠላፊዋ ቤት ቀብድ የከፈለበትን ሥራ ሁሉ ይቍጠር። በአንድ ገጽ ላይ የሠሪውን ስም፣ የተጀመረበትን ቀን፣ ከአራቱ ደረጃዎች በየትኛው እንደ ቆመና ለመጨረስ የሚጐድለውን ነገር ይጻፍ። ብዙ ጊዜ የሚጐድለው እጅግ ጥቂት ነገር ሆኖ ይገኛል፤ አንድ ልቃቂት ማግ፣ ጥቂት የቀለም ክር፣ ወይም የአንድ ቀን ስፌት።

ሁለተኛ፣ ለመጨረስ የቀረበው ይቅደም። ዘርፉ ብቻ የቀረው ጋቢ ከሁሉ በፊት ይቋጭ፤ ከዚያ ያልተሰፋው ይሰፋ፤ ከዚያ ድሩ የተዘረጋው ይሸመን። በዚህ ቅደም ተከተል የሚወጣው የመጀመሪያ ገንዘብ ለሚቀጥለው ክር መግዣ ይሆናል። ከአዲሱ ከተጀመረ ግን ገንዘቡ ከሁሉ በኋላ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ መጨረስ የማይገባው ይታወቅ። የተጀመረ ሁሉ ይጨረስ ማለታችን አይደለም። ብል የበላው ፈትል፣ ገዢ ያጣ ጥለት፣ ንክሩ የማይገኝ ቀለም ካለ፣ እስከ ዛሬ የወጣበትን ገንዘብ እያሰቡ ሌላ ገንዘብ መጨመር ጥበብ አይደለም። እንዲህ ያለው ተፈትቶ ክሩ ለሌላ ይዋል፤ የተሸመነው ጨርቅም ተቈርጦ የትራስ ልብስ፣ የአንገት ልብስ ወይም የእጅ ቦርሳ ይሁን። መፍታትም የመቋጨት አንዱ መንገድ ነው፤ በሣጥን ውስጥ ማቆየት ግን ከሁለቱም አይደለም።

አራተኛ፣ ክፍያው ይከፋፈል። ሙሉውን ቀብድ በመጀመሪያ ቀን ከመስጠት ይልቅ በሦስት ይከፈል። የመጀመሪያው ክር መግዣ ይሁን፤ ቢቻልም ነጋዴው ክሩን ራሱ ገዝቶ በዓይነት ይስጥ። ሁለተኛው ጨርቁ ከሽመናው ሲወርድ ይከፈል፤ ይህ ለሸማኔው ቤት ቀለብ ነው። ሦስተኛውና ትልቁ ዘርፉ ተቋጭቶ ዕቃው በሚረከብበት ጊዜ፣ በዚያው ቀን፣ ሳይጓተት ይከፈል። ነጋዴው የመጨረሻውን ክፍያ «ነገ ና» እያለ የሚያጓትት ከሆነ ሸማኔውም መጨረስን «ነገ» ማለቱ አይቀርም።

አምስተኛ፣ ለተጀመረው ሥራ ወሰን ይደረግ። አንድ ጉድጓድ ላለው ሸማኔ አንድ ድር በጉድጓዱ፣ አንድ ለስፌት፣ አንድ ለቋጪ፣ አንድ ፈትሉ በመዘጋጀት ላይ፤ በድምሩ አራት ይበቃል። አምስተኛው ትእዛዝ ሲመጣ ቀኑ ተጽፎ ተራውን ይጠብቅ። እውነተኛውን ቀን የሰማ ገዢ ቢሄድም ተመልሶ ይመጣል፤ በሐሰት ቀን የተታለለ ግን አይመለስም።

ለእያንዳንዱ አባል

ለባለሱቁ የምንለው፣ ለገና የሚሸጠውን ዕቃ በኅዳር መጨረሻ አጥፎ ማስቀመጥ የሚችለው በነሐሴና በመስከረም የተጀመረውን ቈጥሮ ያስጨረሰ እንደ ሆነ ነው። ከወልድያ በጋሸና አድርጎ ላሊበላ የሚደርሰው መንገድ ከጋሸና ወዲህ ብቻ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የተራራ መንገድ ስለ ሆነ፣ የጐደለ ክር በበዓል ዋዜማ ከወልድያ ወይም ከደሴ ይመጣልኛል ብሎ መተማመን አይገባም።

ለላኪው የምንለው፣ ለውጭ ገዢ ናሙና ከመላኩ በፊት ያው ናሙና በተመሳሳይ ክር፣ በተመሳሳይ ንክርና በተመሳሳይ ልክ በስንት ሳምንት ስንት እንደሚወጣ ይወቅ። የሚያምር ናሙና ማሳየት መጀመር ነው፤ መቶውን አንድ ዓይነት አድርጎ በቀኑ ማስረከብ ግን ንግድ ነው። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው ልብስ ብዙና ርካሽ ስለ ሆነ፣ የላስታ ዕቃ ሊወዳደር የሚችለው በብዛት ሳይሆን በእጅ ፈትሉ ጥራትና በተስፋው እውነተኛነት ነው።

ለአስመጪው የምንለው፣ የድር ክር፣ የጥልፍ ክርና ቀለም የሚያመጣ ሰው ከእያንዳንዱ ንክር መጠባበቂያ ቢያስቀምጥና የንክሩን ቍጥር በክሩ ላይ ጽፎ ቢሸጥ፣ ብዙ ግማሽ ጥለት ከመበላሸት ይድናል። ይህን ያደረገ አስመጪ ደንበኛው ሳይለየው ይኖራል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ድር የሚያብረው ግን በማግ ተያይዞ፣ ተሸምኖ፣ ተሰፍቶ፣ ዘርፉም ተቋጭቶ ሲወጣ ነው። በመጪው ቅዳሜ ገበያ አዲስ ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት፣ አባሎቻችን ያለፈውን ዓመት ቀብዳቸውን ዝርዝር አውጥተው እንዲመለከቱና ለመቋጨት የቀረበውን ከሁሉ አስቀድመው እንዲያስጨርሱ እናሳስባለን።